የእኔ ደወልና የሞላ ሰላምታ

በገዛ ጡረታዬ ሽኝት ላይ የተመሰገነው ሰው ሞላ ነበር። ጋቢ አልብሰውኝ፣ አበባ አስይዘውኝ፣ ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ ሳለ ኃላፊው ተነሣና «ይህ መሥሪያ ቤት እንደ ሞላ ያሉ ሰዎችን ያፈራ ነው፤ ወይዘሮ ሙሉነሽም ከእሱ ጋር ብዙ ዓመት ሠርተዋል» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ። ሞላ እኮ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ ሥራውን ለቆ ከሄደ ዘመን ሆኖታል። ሳይኖርም በለጠኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አየና «ደግሞ ሞላ?» ብቻ ነው ያለኝ።

ስለዚህ የሥራ ዘመኔን ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ ሞላን ትቼ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር። ሁለት ሦስት ገጽ ከሄድኩ በኋላ ሳየው የሌላ ሰው ሕይወት ሆነብኝ። ቀደድኩትና እንደገና ጀመርኩ። አንባቢ ከወዲሁ ይወቀው፤ እቀናለሁ። ያኔም እቀና ነበር፣ ዛሬም እቀናለሁ። የምቀናበት ነገር ግን እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት አልነበረም።

ሰቆጣ የገባሁት በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ፣ በዞኑ ጤና መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተመድቤ ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ለእኛ አገር ሰው ዋግ ተመደበች ማለት ምን አጥፍታ ነው የሚያሰኝ ነበር። ከኮረም ወዲያ ያለውን መንገድ አውቶቡሱ እየተንገዳገደ ሲያቋርጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ልጄ፣ ባል አለሽ?» አሉኝ። የለኝም ስላቸው «እንኳን» አሉ። ምን ለማለት እንደፈለጉ እስካሁን አልገባኝም። ደመወዙ ያው የታይፒስት ደመወዝ ነበር፤ ለብቻዬ ግን ይበቃኝ ነበር።

የመጀመሪያው አለቃዬ መሥሪያ ቤቱ ያገኘውን ብቸኛ ኮምፒውተር በጥልፍ ጨርቅ ሸፍነው፣ ክፍሉን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይሄዱ ነበር። አቧራ ይገድለዋል ይሉ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጨርቁ ይገለጣል፤ እንግዳው ሲሸኝ ይሸፈናል። ሁለተኛው አለቃ በተቃራኒው ገና በገቡ ሳምንት ቁልፉን ወረወሩልኝና «ካበላሸሽው ከደመወዝሽ ነው» አሉኝ። እኔ ኮምፒውተር የተማርኩት በዚያ ፍርሃት ነው። አንድ ቁልፍ ከመጫኔ በፊት ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ከዚያ ፍርሃት ያወጡኝ ጋሽ ፈንታሁን ናቸው። የጋዝጊብላ ወረዳ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጦር ውስጥ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው፣ ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤታችን የመገናኛ ክፍሉን ይዘው ነበር። ክፍል ስል አንድ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ግማሹ የወረዳዎቹ መገናኛ ሬዲዮ፣ ግማሹ የተፈታታ ዕቃ። አማርኛውን፣ የአገሩን ቋንቋ ኽምጣኛውን፣ ትግርኛውን እኩል ይናገሩታል። ኮምፒውተር ሲመጣ «ይኸም ሬዲዮ ነው፤ መስማትና መናገር ነው ሥራው» ብለው ያለ ፍርሃት ከፈቱት።

የእሳቸውን አሠራር የትም አላየሁም። ብልሽት አለ ተብለው ሲጠሩ በመጀመሪያ የሚያደርጉት ከትከሻቸው ጋቢያቸውን አውርደው ስክሪኑን መሸፈን ነው። ከዚያ ይቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «በይ ንገሪኝ» ይላሉ። እንዲያዩ ስትጠቁሟቸው አያዩም። «ዓይን ይቸኩላል» ይላሉ። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ማን ነው የሚጣራው? ማን ነው የሚሰማው? መካከላቸው ምን ቆሟል?» እሱን እስክትመልሱ ጋቢው አይነሣም። ደግሞ አንድ ነገር ከተስተካከለ በኋላ መልሰው ያበላሹታል። ብልሽቱ እንደገና ካልመጣ አልተሠራም ባይ ናቸው። «በራሱ የሄደ በራሱ ይመለሳል» ብለው ተሠርቶ የተደሰትንበትን ዕቃ ሲፈቱት ስንቱ ኃላፊ ተቆጥቷቸዋል።

አያመሰግኑም። ይኸ ነው ጉዱ። ደህና አድርጌ ስሠራ «እሺ» ይላሉ። አንድ ዓመት «እሺ»፣ ሁለት ዓመት «እሺ»። ለእኔ በቂ ነበር፤ ለሌላ ሰውም ከዚያ በላይ ሲሉ ሰምቼ አላውቅማ።

ከዚያ ሞላ መጣ። የደሃና ልጅ ነው፤ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ በሬዲዮ ኦፕሬተርነት ተቀጠረ። በገባ ሳምንቱ ጋሽ ፈንታሁን ሲስቁ ሰማሁ። ዕቃ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ማን ነው ብዬ ወጣሁ። ሞላ በኽምጣኛ አንድ ነገር እያወራላቸው እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ምን እንዳለ ብጠይቅ «ቢተረጎም አያስቅም» አሉኝ። ስንት ዓመት ከአጠገባቸው ተቀምጬ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ሞላ ጉረኛ ነው። ይህን የምለው በቅናት ብቻ አይደለም፤ ማንንም መጠየቅ ይቻላል። የተበላሸ ነገር ሲነካ ከሠራ «እጄን ያውቀዋል» ይላል፤ ካልሠራ «ዛሬ ከፍቶታል» ይላል። ለምን እንደሆነ ማወቅ አይፈልግም። ማኑዋል ሲያነብ አይቼው አላውቅም። ነገር ግን ሬዲዮው ላይ ሲቀመጥ ወረዳዎቹ ሁሉ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ሥራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ጣቢያ በየተራ ሰላም ይላል፤ ሰሃላን፣ ደሃናን፣ ጋዝጊብላን። ሰላምታው ደግሞ የአንድ ቃል አይደለም። ከብቱ፣ ዝናቡ፣ የታመመው አጎት፣ የተጣላው ጎረቤት ሳይቀር ይጠየቃል። እኔ ስቀመጥ «እትዬ ሙሉ ነዎት?» ብለው በቀጥታ ወደ መልእክቱ ይገባሉ። ሥራ ያጥራል ብዬ ራሴን አጽናናው ነበር።

አሁን ወደ ደወሉ ልምጣ። በዘጠናዎቹ ማብቂያ አካባቢ ነው። በሬዲዮ የሚመጣውን መልእክት ሰምተን ኮምፒውተር ላይ እንጽፈዋለን፤ ለእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ፋይል አለ። የግዕዙ ፊደል ያስቸግረን ስለነበር በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው። መብራት በመጣ በሄደ ቁጥር ግን ሃርድ ዲስኩ እየተበላሸ አስመረረን። ጋሽ ፈንታሁን ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄደው አንድ ሲዲ ይዘው መጡ። ማሽኑ ከዲስክ ሳይሆን ከዚያ ሲዲ ይነሣል። ሲዲ ላይ ደግሞ መጻፍ ስለማይቻል መብራት ቢጠፋም የሚበላሽ ነገር የለም። «ታዲያ መልእክቱን የት እንጽፋለን?» አልኳቸው።

ግድግዳው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ የዞኑ ካርታ ነበር፤ የመኪና ስምሪት የምናሰምረው ላስቲኩ ላይ ነው። ወደዚያ አገጫቸውን ቀሰሩ። «ካርታው ሲዲው ነው፤ ላስቲኩ ሚሞሪው ነው። ከፊት ለሚያየው አንድ ነው። ላስቲኩ ሲነሣ ካርታው እንደነበረ ይገኛል» አሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ንጹሕ ሆኖ ይነሣል፤ የጻፍነው ይጠፋል። ስለዚህ መልእክቱን አስቀድመን በእጅ እንይዛለን፤ ኮምፒውተሩ የሚያስፈልገው ለማተሚያውና ለደወሉ ነው።

ደወሉ የእኔ ነው። ሬዲዮ ላይ ያለ ሰው መልእክት ጽፎ ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ ሌላው ወረዳ ተሰልፎ ይጠብቃል። ነርሷና የአምቡላንሱ ሾፌር ደግሞ ከግቢው ማዶ ናቸው። ጋሽ ፈንታሁን ከአሮጌ ትምህርት ቤት የተነቀለ የኤሌክትሪክ ደወል ከፕሪንተሩ መሰኪያ ጋር አገናኝተው ሽቦውን በግቢው ላይ አሻግረው ደወሉን ማዶ ሰቀሉት። ፕሮግራሙን እኔ ጻፍኩት። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ፕሮግራሙ በየሰከንዱ ፋይሎቹን እየሄደ ተለወጡ ወይ እንዳይል፣ ሲለወጡ ሲስተሙ ራሱ እንዲነግረው አደረግነው። አዲስ ዘዴ ነበር። ሁለት ሳምንት ማኑዋሉን ስበላ ከረምኩ። ሞክሬው ሲደውል ሾፌሩ ከማዶ «ሰማን» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ፈንታሁን «እሺ» አሉ። ሞላ ግን አጠገቤ ቆሞ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «እትዬ ሙሉ፣ እርስዎ እኮ አደገኛ ነዎት» አለኝ። ከእሱ ምስጋና መቀበል እንዴት እንደሚያናድድ።

ጠዋት ማሽኑን የሚያስነሣው ሞላ ነበር፤ እኔ ከሰዓት እረከበዋለሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ደወሉ ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን በእኔ ተራ ጄኔሬተሩ ቆመ። ተጠገነና መብራት መጣ። ማሽኑን አስነሣሁ፤ ግድግዳው ላይ በለጠፍነው ቅደም ተከተል መሠረት መጀመሪያ ደወሉን አስጀመርኩ፤ ቀጥሎ ሬዲዮውን ከፈትኩ። ብዙም ሳይቆይ ሰሃላ ጠራ። አንዲት ሴት ምጥ ጸንቶባታል፤ በቃሬዛ ይዘዋት ከመንደር ወጥተዋል፤ መኪና መንገዱ የሚያልቅበት ወንዝ ዳር ይጠብቃቸው። በእጄ ያዝኩ፤ ሰሃላ ፋይል ላይ ጻፍኩ፤ አስቀመጥኩ። ጋዝጊብላ ተራ እየጠበቀ ስለነበር ማዳመጫውን ከጆሮዬ ሳላወርድ ወደ እሱ ዞርኩ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሰሃላ እንደገና ጠራ። «መኪናችሁ የት ደረሰ?» አለ ኦፕሬተሩ። ማዳመጫውን አውልቄ ግቢውን በሩጫ አቋረጥኩ። አምቡላንሱ በቆመበት ቆሟል። ሾፌሩ ጥላ ሥር ጎማ እየነፋ ነው። «ደወሉን አልሰማህም?» አልኩት። «ምን ደወል?» አለኝ። የሰሃላን መልእክት እዚያው ነገርኩት።

መኪናው እንደዚያ ሲበር ወጥቶ አያውቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። ሰዎቹ ቃሬዛውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ በነጠላ ጥላ ሠርተውላት ሲጠብቁ ውለዋል። እናቲቱ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ሴትዮዋ ዝማም እንደምትባል፣ ባሏ ኪዳኑ እንደሚባል በማግስቱ ሾፌሩ ነገረኝ። ስማቸውን ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሽቦውን ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ደወሉን አየሁ፤ ደህና ነው። ፕሮግራሙን አጥፍቼ አስነሣሁትና ሰሃላ ፋይል ላይ አንድ ፊደል ጻፍኩ፤ ደወለ። አሥር ጊዜ ብሞክር አሥር ጊዜ ደወለ። ሾፌሩ ከማዶ ወጥቶ በትዝብት አየኝ። የሚባለውንም ሰማሁት፤ «በሞላ ተራ ይደውላል፣ በእሷ ተራ ይተኛል»። ሞላ ፊት ነው የተባለው፤ እሱም «እጄን ያውቀዋል» አለ እንጂ አልካደም። ያን ጊዜ ጠላሁት። በሬዲዮ ይወደድ፣ ጋሽ ፈንታሁንን ያስቅ፤ በገዛ ደወሌ ግን ሲበልጠኝ የምችለው አልሆነም።

ጋሽ ፈንታሁን ጋቢያቸውን ስክሪኑ ላይ ጣሉ። «በይ።»

«የምጣራው እኔ ነኝ፣ ፋይሉ ላይ በመጻፍ። የሚሰማው ፕሮግራሙ ነው። መካከል ያለው ሲስተሙ ነው።»

«ያን ቀን ምን አድርገሽ ነበር፣ ዛሬ ያላደረግሽው?»

«ምንም። ያው ነው።»

«ያውማ ከሆነ ዛሬም ዝም ይል ነበር። ዛሬ ያጠፋሽው ፕሮግራሙን ብቻ ነው። ያን ቀን የጠፋው ሁሉም ነው።»

ማሽኑን ከነመብራቱ አጠፋሁት። አስነሣሁት፤ ደወሉን አስጀመርኩ፤ ጻፍኩ። ዝም። ደገምኩት፤ ዝም። ብልሽቱ በመመለሱ ደስ ሲለኝ ራሴን ታዘብኩት። «አሁን ያዝሽው፤ እንዳትለቂው» አሉ ጋሽ ፈንታሁን። ታዲያ በሞላ ተራስ? እሱም በየማለዳው ከጨለማ ነው የሚያስነሣው። ለምን ይደውልለታል?

የሆነውን ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ወንበር ስቤ ከሞላ ጎን ተቀመጥኩ። እጁን ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። የወደድኩትን ሰው እንኳ እንደዚያ አላየሁም። ማሽኑን አስነሣ። ሬዲዮውን ከፈተ። ሰሃላን ጠርቶ ያን ረጅም ሰላምታውን ጀመረ፤ እያወራ ሰሃላ ፋይል ላይ በላቲን ፊደል «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ጻፈ። ወደ ደሃና ዞረ፤ እዚያም ጻፈ። ጋዝጊብላም እንደዚሁ። ሁሉንም ሰላም ካለ በኋላ ደወሉን አስጀመረ።

«ደወሉን ለምን መጀመሪያ አታስጀምርም? ግድግዳው ላይ ተጽፏል እኮ» አልኩት።

«መጀመሪያ ካስጀመርኩትማ ሰላም ባልኩ ቁጥር ሾፌሩ መኪና አስነሥቶ ይሄዳል» አለ እየሳቀ። «ደግሞስ እትዬ ሙሉ፣ ሰው ሳይሰላመቱ ሥራ ይጀመራል?»

ብድግ አልኩ። ካርታው ፊት ሄጄ ቆምኩ። ላስቲኩን በጣቴ ጫፍ ትንሽ ከካርታው አላቀቅሁት፤ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሲዲው ላይ ያለ ፋይል ላይ ስንጽፍ፣ ሲስተሙ ቅጂውን ወደ ላይኛው ሽፋን ያወጣና ጽሑፋችንን እዚያ ያሰፍራል። ስሙ ያው ነው፤ የሚያነብ ሰው ልዩነቱን አያውቀውም። ደወሉ ግን ከዚያ በፊት ተነሥቶ ከሆነ እንዲጠብቅ የተነገረው የታችኛውን ነው። ከላይ ቅጂ መውጣቱን ማንም አልነገረውም። የታችኛው ሲዲ ላይ ነው፤ እስከ ዕለተ ምጽአት አይለወጥም። ሞላ ግን ሰላም ሲል ፋይሎቹን ሁሉ አስቀድሞ ወደ ላይ ያወጣቸዋል፤ ደወሉ ሲነሣ ላይኛውን ያገኛል። ፕሮግራሙን ብቻ አጥፍቼ ሳስነሣው የደወለልኝም ለዚሁ ነው፤ ቅጂው አስቀድሞ ወጥቷል።

ለጋሽ ፈንታሁን ነገርኳቸው። ጋቢውን እንኳ አላወረዱም። በእኔም በሞላም ቅደም ተከተል በየተራ አስነሥተን አበላሸነው፣ አስተካከልነው፣ መልሰን አበላሸነው። ከዚያ አዲስ ሲዲ አዘጋጀን፤ ማሽኑ ሲነሣ ከደወሉ በፊት በእያንዳንዱ ፋይል ላይ አንድ መስመር ራሱ እንዲጽፍ። ጋሽ ፈንታሁን አንድ ነገር ጨመሩ፤ ደወሉ ሲስተሙ የሚነግረውን ብቻ ተማምኖ እንዳይቀመጥ፣ በየተወሰነ ደቂቃ ራሱም ሄዶ ፋይሎቹን እንዲያይ። «ጥሩኝ ብሎ የሚጠብቅ ብቻውን አይታመንም» አሉ። የሚጻፈው መስመር ምን ይሁን ሲባል ሁሉም ባንድ አፍ «እንዴት አደራችሁ» አሉ። እኔ አንድ ነጥብ ይበቃል ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም።

ስሙም በዚያው ወጣ፤ የሞላ ሰላምታ። ኃላፊዎች ሲጎበኙ «ይኸ የሞላ ሰላምታ የሚባለው ነው» ተብሎ ይታያቸዋል። ሞላ ምን እንደሠራ ሳያውቅ የሠራው ነገር! ምክንያቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ሲዲውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ሞላን ግን አደመቀው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ገበሬ በትሩን ይዞ ግቢው ውስጥ ቆሞ አየሁ። እግሩ የመንገድ አቧራ ለብሷል። ከጋሽ ፈንታሁን ጋር በኽምጣኛ ተነጋገሩ፤ ከዚያ ሞላ ከሬዲዮ ክፍሉ ወጣ። እኔ በመስኮት አያለሁ። ሞላ አንድ ነገር ተናገረ። ሰውየው የሞላን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ ሞላ አንገቱን ደፋ። ሰውየው ትከሻውን ስሞ ሄደ። ማን እንደሆነ ሾፌሩን ብጠይቀው «ኪዳኑ ነው፣ የዝማም ባል» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ከሰሃላ ድረስ በእግሩ መጥቶ ሞላን አመሰገነ! ደወሉ ተስተካከለ መባሉን ሰምቶ ነው የመጣው ብዬ ነው የደመደምኩት። ጋሽ ፈንታሁን ዕቃ ቤት ሲገቡ ተከትያቸው ገባሁ።

«ለእኔ ሥራ ምስጋናውን እሱ ይቀበል? እርስዎ እያሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሰውየው ሊያመሰግን አልመጣም፣ ሙሉነሽ። ያን ቀን ሬዲዮ ላይ የነበረውን ሰው ፊቱን ልየው ብሎ ነው የመጣው። ሞላ እኔ ነበርኩ አለው።»

«ምን ብሎ?» አልኩ።

«እንቅልፍ ጣለኝ፣ ሳልሰማ ቀረሁ፣ ይቅር በለኝ አለው» አሉ።

«ማንም አልተኛም! እርስዎ ያውቃሉ ማንም እንዳልተኛ። ለምን አልነገሩትም?»

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ያልተከፈተውን ኮምፒውተር ሸፈኑት። «በይ ንገሪኝ፤ እኔ ኪዳኑ ነኝ። ልጄ ለምን ሞተ?» ጀመርኩ። ፋይሉ ሲዲው ላይ ነበር፣ ስንጽፍበት ቅጂው ወደ ላይ ወጣ፣ ደወሉ ግን… አልጨረስኩትም። ጋሽ ፈንታሁንም አላስጨረሱኝም፤ ጋቢውን አንሥተው ወጡ።

ሞላን አላመሰገንኩትም። ማመስገን ነበረብኝ ብሎ የሚፈርድ ይኖራል። እኔ ግን የተሰማኝ ሌላ ነው፤ ደወሌን ወሰደ፣ ስሙን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ያችን ክፉ ቀን ራሷን ወሰደብኝ። ሬዲዮ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ያ ሰው ሊያየው የመጣው ፊት የእኔ ነው። ሞላን መንገድ ላይ አስቁሜ «ማን ውሰድልኝ አለህ?» ብለው «ቋንቋውን አያውቁትም ብዬ ነው እትዬ» አለኝና፣ እንደ ልማዱ ሳይሆን ሳይስቅ አለፈ።

ጋሽ ፈንታሁን ጡረታ ሲወጡ ክፍሉን ማን ይያዝ ተብለው ተጠየቁ። እኔን ጠሩ። «ለሥራው ሙሉነሽ ትበልጣለች» ብለው በሰው ፊት ተናገሩ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነበር። ሞላ ግን ለቦታው አልተወዳደረም፤ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ዕቃውን እየሸከፈ ነበር። ተሸናፊ የሌለበት ማሸነፍ ምን ይጣፍጣል። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሬዲዮውን ስከፍት የመጀመሪያው ወረዳ «ሞላ የለም?» አለኝ።

በክፍል ኃላፊነቴ ሰሃላ የሄድኩት የወረዳውን ሬዲዮ በፀሐይ ኃይል ልንተክል ነው። መኪናው መንገዱ የሚያልቅበት ወንዝ ዳር አውርዶን፣ ከዚያ በእግር ነው። ሥራው ሲያልቅ የኪዳኑን ቤት አሳዩኝ አልኩ። ለምን እንደፈለግሁት ያኔ ብጠየቅ እውነቱ እንዲታወቅ ነው እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የእኔን ልመልስ ነው የሄድኩት።

ኪዳኑ ከብቶቹን አስገብቶ ደጅ ተቀምጦ ነበር። ዝማም ወገቧ ላይ የታዘለ ሕፃን አለ፤ ሴት ልጅ ናት። ገበያ ለገበያ ስትዞር ኖራ አማርኛውን ታውቀዋለች፤ ለባሏ እያስረዳች አወራን። ጠላ ቀዱልኝ። ስሜን ተናገርኩ። ያን ቀን ሬዲዮ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ሞላ አይደለም፣ ማንም አልተኛም አልኩ። ከዚያ ደወሉን ለማስረዳት ሞከርኩ። መንገድ ላይ ስለማመደው የመጣሁት ስለሆነ ከዚያ በላይ ቀላል አድርጎ የሚናገረው ሰው ያለ አይመስለኝም። ደወሉ የሚጠብቀው ሌላውን ነበር አልኩ፤ ያልተለወጠውን።

ዝማም እስክጨርስ ዓይኔን እያየች ሰማችኝ። ለባሏ ነገረችው። ረጅም ነበር የነገርኳት፤ የነገረችው ግን ሁለት ሦስት ቃል ነው። ኪዳኑ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና አንድ ነገር አለ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ያ ልጅ ጥሩ ባልደረባ አለችው አለ። በደሉን ልታነሣለት ከሰቆጣ ድረስ መጣች አለ።»

«አይደለም፣ ውሸት አይደለም! እኔ ነበርኩ፤ አልተኛሁም። እመብርሃንን አልተኛሁም!»

ሕፃኗ በድምፄ ደንግጣ አለቀሰች። ዝማም ከጀርባዋ አወረደቻትና ጡት ሰጠቻት። ልጅቱ ዝም እስክትል ጠበቀችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረችኝ።

«እኔስ አምንዎታለሁ፣ እትዬ። እሱን ግን ይተዉት። ይኸ የሚሉትን ነገር ቢያውቅ ምን ያደርገዋል? ማንን ይቅር ይላል? እንቅልፍ ምን እንደሆነ ግን ይገባናል፤ ሁላችንም እንተኛለን።»

ጠላዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ወንዙ ዳር እስክደርስ በሞላ እየቀናሁ ሄድኩ፤ ኪዳኑ ይቅር ሊለው የሚችለውን ቃል ያገኘው እሱ ነበር።